ሰላም ሲለኝ መስሎኝ ነበር

እናቴ ውኃ ትፈራ ነበር፤ እኔም እፈራለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ሳድግ የማውቀው ውኃ የሰፈራችን ወንዝ ብቻ ነው። እሱም ክረምት ላይ ሲሞላ «እዚያ ድርሽ እንዳትዪ!» እየተባልኩ ከሩቅ የማየው ነበር። ስለዚህ ባለፈው ጥር ልጆቹ ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲወጡ ባለቤቴ «ዘንድሮ ሐይቅ እንውሰዳቸው» ሲል አፌ እሺ አለ፣ ልቤ ግን ፈራ ተባ ማለቱ አልቀረም። ሁለት ሳይክል መኪናው ላይ ጭነን፣ ለአራት ቀን የሚሆን ስንቅ ይዘን ወጣን። የሄድነው ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሐዋሳ ነው።

ሐይቅ ሁሉ አይዋኝበትም። ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው በወሬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ለልጆቻችን መንገር አለብን። ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ላይ ቢልሃርዝያ አለ። ጥገኛ ትሉ የሚራባው በሐይቁ ዳር፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከነሱ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ሲዋኝ የሰው ቆዳ ካገኘ ሰርስሮ ይገባል። አይታይም፣ ብዙ ጊዜም ወዲያው አያምም። ልጃችሁ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ሁለት ወር ገደማ ቆይታችሁ ሰገራውን አስመርምሩ፤ መድኃኒት አለው። ይህን ሳወራ ሁልጊዜ ትዝ የሚሉኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም አሳዩ። መኪና ውስጥ ይህን ስተርክ ትልቁ ልጄ «እና እንዶድ ይዘን እንሂዳ!» አለኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ ለሁሉም መፍትሔ አለው።

ላንጋኖ ግን ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድም ጉዞውን አቅልሎታል። ውኃው ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። መጀመሪያ ሲያዩት ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ቀለሙ ውስጡ ከተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ዳሩ ደግሞ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች አይደለም። ቢሾፍቱ ያሉት እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ ይከዳል፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ 87 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ላንጋኖ እኛ ባረፍንበት በኩል ብዙ ርቀው እየተራመዱ ሲገቡ እንኳ ውኃው ከወገብ አያልፍም ነበር። ይሄ ነው ያዘናጋኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሥዕል ነበር። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ ትንሿ ልጄ ከአባቷ ጋር ስትንቦጫረቅ፣ እኔ እግሬን ብቻ ነክሬ ዋልኩ። (ሙዚቃ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ የምትመጡ ወገኖች ግን፣ እባካችሁ፣ ወፎቹም ያርፉ።) በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሣ። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሻ እንደሆነ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ትልቁ ልጄ በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። ባለቤቴ ትንሿን ልብስ ሊያስቀይራት ሄዷል። እኔ ስልኬን አንሥቼ ዛፍ ላይ ያረፈ ወፍ ፎቶ አነሣለሁ። ቀና ስል ልጄ ርቋል። እጁን ያውለበልባል። ሰላም ሲለኝ መስሎኝ እኔም አውለበለብኩለት።

እንደገና አየሁት፤ አሁንም ያውለበልባል። አፉ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ ነፋሱ ወስዶታል። ያኔ ነው የገባኝ። ሮጬ እስከ ደረቴ ገባሁና ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። የጮኽኩትን ጩኸት እኔ አላስታውሰውም፣ ባለቤቴ ግን ዛሬም ያስታውሰዋል። ዳር ላይ መረቡን ሲያስተካክል የነበረ አንድ የአካባቢው ወጣት ሰምቶ ገባ። ዋናውን ሳየው እንደ መራመድ ነበር የቀለለው። ጎማውን በአንድ እጁ እየጎተተ ልጄን አመጣልኝ። ምን ብዬ እንዳመሰገንኩት አላውቅም፤ እሱ ግን «ጎማና ነፋስ ይዋደዳሉ እቴቴ፣ ከሰዓት አታስገቢ» ብሎኝ ወደ መረቡ ተመለሰ። ልጄ ፎጣ ተጠቅልሎ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እማዬ፣ እኮ ጠራሁሽ» አለኝ።

ይህን ለመጻፍ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። የምጽፈው እንደኔ ዳር ተቀምጣችሁ «ውኃው እኮ ጥልቀት የለውም» ለምትሉ ነው። ቡናማ ውኃ ውስጥ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ብትነክሩ ጣቶቻችሁን አታዩአቸውም። ልጅ ከሰመጠ በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ማለት ነው። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ፊልሙ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ትንንሾቹን እጃችሁ በሚደርስበት ርቀት ያዟቸው። አንድ ትልቅ ሰው በተራ ስልኩን አስቀምጦ ይጠብቅ። የተነፋ ጎማና ፊኛ ሳይሆን ልካቸው የሆነ የዋና ጃኬት ይልበሱ። ዋናው ጠዋት ይሁን። የምታርፉበትን ቦታ ስትመርጡም ስለ ምግቡ ከመጠየቃችሁ በፊት ነፍስ አድን ሠራተኛ እንዳለ ጠይቁ። እኛ ያረፍንበት ጋ አልነበረም።

በማግስቱ ማንም ውኃ አላማረውም፤ አቢጃታ ሄድን። በብሔራዊ ፓርኩ በር አስጎብኚ ይዘን ገባን፤ ከርከሮና ሰጎን ልጆቹን ትንሽ አሳቃቸው። ሐይቁ ዳር ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ ሮዝ መስመር ይመስላሉ። ትልቁ ልጄ ሊጠጋቸው ሲሮጥ አስጎብኚው ጠርቶ መለሰው። ላዩ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና እንኳ ይውጣል። እኛ የቆምንበት ሜዳ ድሮ ውኃ ነበር። አቢጃታ ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት ስፋቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ ከዝዋይ ውኃ የሚያመጣለት የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ይቀዳል፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አመድ ማምረቻ ውኃ ሲሳብ ኖሯል። ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይራቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን ያገኙ የነበረው እዚህ ነበር። ትንሿ ልጄ «ታዲያ አሁን ራታቸውን የት ይበላሉ?» ብላ ጠየቀች፤ አስጎብኚው ትከሻውን ነቀነቀ። ወፍ ማየት ለምትወዱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹትም የሚመጡት ያኔ ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ፤ አንዱ ለአራት ሰው ግን አይበቃም፣ ጠብ ያስነሣል። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውኃ ጋ ደግሞ ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ያቃጥላል።

ሐዋሳ ላይ ሳይክሎቹ ወረዱ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ሳይክል የሚነዳ ሰውም ስለማይጠፋ ልጅ ይዞ መንዳት ከአዲስ አበባ ጋር አይወዳደርም። ሳይክል ባትጭኑም የሚከራይ አለ። ብቻ ከባጃጆቹ ተጠንቀቁ። ጠዋት ማለዳ በፍቅር ሐይቅ በኩል በዛፎቹ ጥላ እየነዳን አሞራ ገደል ደረስን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ ከሰው ደረት የሚደርሱት አባ ኮዳዎች እንደ ቁጡ ሽማግሌ ቆመው የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ጉሬዛዎቹ ከላይ ያያሉ። የዓሣ ሾርባና ጥብስ በላን። ትልቁ ልጄ ከላንጋኖ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ በላ፤ ሦስት ጊዜ አስጨምሯል።

ቤት እንደገባን ለልጆቹ የዋና ትምህርት ቤት ፈለግን። ሳስመዘግባቸው መዝጋቢዋ «ስንት ሰው?» አለችኝ፤ ሁለት ልል ስል ትልቁ ልጄ ከጎኔ ሆኖ «ሦስት» አላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር የገንዳውን ጠርዝ ይዤ እግሬን እመታለሁ። አንድ ርዝመት መዋኘት እስካሁን አልቻልኩም። ለመስከረም ላንጋኖ ተቀጣጥረናል፤ ጎማው ግን ጋራዥ ይቀራል።