አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ማሽን ላይ ያለ ምስክር አይሥራ

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስና አቤቱታ ወደሚተየብባቸው ቤቶች አንድ ባለጉዳይ ከብዙ ዘመን በፊት ያስጻፈውን የመከላከያ መልስ በፍላሽ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ ያም ሰነድ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲሠራባቸው በኖሩት የቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ከሆነ፣ አዲሱ ኮምፒውተር «ለተከበረው» የሚለውን ቃል የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል አድርጎ ያወጣዋል። እንግዲህ አሮጌው ፕሮግራም፣ ዘመኑ ቢያልፍበትም፣ የመዝገቡን ቁልፍ ገና እንደ ያዘ ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈው ግን በቀድሞ ፕሮሰሰር ትእዛዛት ነውና፣ አዲሱ ፕሮሰሰር የማያውቀው ትእዛዝ ሲደርሰው ወይ ሥራው ይቋረጣል፣ ወይም ሌላ ሶፍትዌር መካከል ገብቶ በፕሮሰሰሩ ፈንታ ይፈጽምለታል፤ ባለሙያዎች ኢሙሌሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢቱን ፕሮግራም ከቶ አይቀበልም፤ የዶስ ዘመን ፕሮግራም ያለውም ሰው የጥንቱን ማሽን በሙሉ ወደሚያስመስለው ዶስቦክስ ይሄዳል።

ይህ ምስጋና የሚገባው ጥበብ መሆኑን አልክድም፤ የምነቅፈው በኅቡእ መሠራቱን ነው። ሊኑክስ ባለ 64 ቢት በሆኑት የአርም ፕሮሰሰሮች ላይ ያቆመው ሥርዓት በዚህ ረገድ አርአያ ነው፤ ይኸውም ስዋፕን ለመሰለ፣ በመዝጋቢና በማኅደረ ትውስታ መካከል ያለውን ዋጋ ባንድ ጊዜ ለሚለዋውጥ የተሻረ ትእዛዝ፣ አስተዳዳሪው 0 ብሎ ቢደነግግ ፕሮግራሙ እንዲቆም፣ 1 ቢል ደግሞ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ፈጽሞለት ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን የከርነሉን መዝገብ እንዳያጥለቀልቅ በልክ የተወሰነ ስለሆነ፣ እውነተኛውን ቁጥር የሚሻ ሰው የከርነሉን የክትትል መሣሪያ መክፈት አለበት፤ ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ «ጥቂት ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ኢሙሌሽን ቀዋሚ አይደለም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2006 ለቀድሞ ፕሮግራሞች ያበጀውን ሮዜታ በ2011 ከማኪንቶሽ ሥርዓቱ አስወግዶታል። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች የትኛው ፕሮግራም በኢሙሌሽን እንደሚሠራ ዛሬውኑ ይመዝግቡ፤ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ገና እየተከፈቱ ሳሉም ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ያዛውሩ።