አዲስ ዶሮ ከነባሩ መንጋ ከመቀላቀሉ በፊት

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ የተሻሻሉ ዝርያ ዶሮዎችን ለአርሶ አደሩ ማሰራጨት የወረዳዎች የዘወትር ተግባር ሆኗል። ሥራው ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ የሚዘጋው ዶሮዎቹ በተሰራጩበት ቀን ሲሆን የአርሶ አደሩ ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት እናት አምስት ቄብ ዶሮዎች ተረከበች እንበል። በዚያው ምሽት ከነባሮቹ ጋር በአንድ ቤት ታሳድራቸዋለች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንዷ ታቀረቅራለች፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ አንገቷ ይጣመማል። ከዚያ ነባሮቹም አዲሶቹም ተከታትለው ያልቃሉ። ፈንግል ፈውስ የለውም። ከእንቁላል ሽያጭ የሚገኘው የደብተር መግዣም አብሮ ይሄዳል። በሽታውን ያመጡት አዲሶቹ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጤነኛ የሚመስሉት ነባሮቹም ሊያስተላልፉት ይችላሉ። ገበያ ውላ ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮም ስጋቷ ያው ነው።

መከላከያው ከአርሶ አደሩ አቅም በላይ አይደለም። አዲስ የመጣ ዶሮ ቢያንስ 21 ቀናት ከነባሮቹ ራቅ ብሎ ለብቻው ይቆይ። መመገቢያውና መጠጫው የተለየ ይሁን። በየዕለቱ ቀድሞ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን መመገብ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። የታመመ ዶሮ ከታየ መቀላቀሉ ይቅር፤ ባለሙያም ይጠራ። ጊዜው በሰላም ካለፈ ለጥቂት ቀናት በሽቦ ወይም በእንጨት አጥር ተለያይተው እንዲተያዩ ማድረግ፣ ከዚያም ሲመሽ አዲሶቹን በአንድነት ቆጥ ላይ ማስፈር ይቻላል። አንዲት ዶሮን ብቻዋን ማስገባት ለመደብደብ ማጋለጥ ነው። መመገቢያና መጠጫ በሁለት ቦታ ቢቀመጥ ደካሞቹም ይበላሉ። መጠነኛ መነካከስ ያለ ነው፤ ደም ከታየ ግን የተጎዳችውን መለየት ይገባል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። የፈንግል ክትባት በአገራችን፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ በመሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቀመጥ፣ አምስት ዶሮ ያለው አርሶ አደር ብቻውን ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ በጎጥ ደረጃ ቀን ተቆርጦ፣ የሁሉም ቤት ዶሮዎች በአንድነት ሊከተቡ ይገባል። ክትባቱ አቅም እስኪፈጥር ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ፣ የነባሮቹ ክትባት ከሥርጭቱ አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። በባለሙያ ምክር መሠረትም በየጊዜው ሊደገም ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ለይቶ የማቆያ ቦታ ያላዘጋጀ ቤት ዶሮ ከመረከቡ በፊት ያዘጋጅ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ሄዶ ይመልከት። ወረዳዎችም በሪፖርታቸው የተሰራጩትን ብቻ ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ያሉትን ይቁጠሩ። ለአርሶ አደሩ ቤት የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።