የኮምፒዩተር ሙቀትና የነጋዴው ጥንቃቄ

ንግድ ያለ መዝገብ እንደማይጸና የታወቀ ነው። ቀድሞ በወፍራም ደብተር ይጻፍ የነበረው ገቢና ወጪ፣ የዱቤ ሒሳብና የዕቃ ቆጠራ ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል፤ አስመጪውና ላኪውም በ2020 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በዚሁ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከሙቀት የተነሣ በሥራ መካከል ሲጠፋ ግን በመጻፍ ላይ የነበረው መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ለማስታወስ የሚቸገረውም ባለ ሱቁ ራሱ ነው።

በባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተርን ለማቀዝቀዝ የሚፈጠረው ብልሃት ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የሣጥኑን የጎን ክዳን ፈትቶ የጠረጴዛ ማራገቢያ ያዞርበታል፤ ሌላው በረዶ የሆነ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከአጠገቡ ያቆማል፤ ሌላው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባት ሲደርቅ በምትኩ የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ከሁሉ የሚከፋው ልማድ ግን አቧራ እንዳይገባ በማለት በሥራ ላይ ያለውን ሣጥን በዳንቴል መሸፈን ነው።

ይህን የሚያደርግ ሰው ሊነቀፍ አይገባውም፤ ንብረቱን ለማዳን መትጋቱ ያስመሰግነዋልና። ይሁን እንጂ ብልሃት የሚጠቅመው ሙቀቱ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ ሲታወቅ ነው።

ነገሩ ለእህል ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሰሊጥ ወይም በቆሎ እርጥበት እንደያዘ ነፋስ በማይገባው መጋዘን ቢከመር ከውስጡ ሙቆ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጆንያው ከወለል ተነሥቶ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ርቆ ይደረደራል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሙቀቱ የሚመነጨው ከፕሮሰሰሩና በማዘርቦርዱ ላይ የኤሌክትሪኩን ኃይል ከሚመጥኑት ክፍሎች ስለ ሆነ፣ ቀዝቃዛው አየር ከፊት ገብቶ በእነርሱ ላይ ካለፈ በኋላ በጀርባ መውጣት አለበት። ክዳኑ ሲከፈት ይህ መንገድ ይበተናል። የጠረጴዛው ማራገቢያም ለጊዜው ቢያቀዘቅዝ እንኳ የጎዳናውን አቧራ እያመጣ በሙቀት አውጪው ብረት ክንፎች መካከል ይጠቀጥቀዋል፤ ውሎ አድሮ ሙቀቱ ከቀድሞው ይብሳል። በበረዶው ጠርሙስ ላይ የሚሰበሰበው ጠል፣ በተለይ በክረምቱ የጣና ዳር እርጥበት፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ሊንጠባጠብ ይችላል። የጥርስ ሳሙናውም ውሃው ሲተን ደርቆ ይሰነጠቃል።

በዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይታከላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለ ሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኙት ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ደግሞ ሙቀታቸው 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያተኞች ዘንድ የተለመደ ስሌት ነው። ሙቀትን ችላ ማለት እንግዲህ የገዙትን ዕቃ ዕድሜ በገዛ እጅ መቁረጥ ነው።

የሚበጀው ዘዴ ቀላልና ርካሽ ነው። አስቀድሞ ሣጥኑን ከወለል ማንሣትና ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ ይገባል። ቀጥሎም ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ እጅን የሣጥኑን ብረት አስነክቶ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በለስላሳ ብሩሽና ከባሕር ዳር ቤት በማይጠፋው የብስክሌት ፖምፓ አቧራውን ማራገፍ ነው። ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ግን ውሃና ዘይት የተቀላቀለበት ነፋስ ሊረጭበት ስለሚችል አይመከርም። ማራገቢያ መጨመር ቢያስፈልግ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ አንዱ ከፊት ወደ ውስጥ፣ ሌላው ከጀርባ ወደ ውጭ እንዲነፍስ ይደረጋል፤ በፊተኛው አፍ ላይ የተወጠረ አሮጌ ስቶኪንግ እየታጠበ ለማጣሪያነት ያገለግላል። የደረቀው ቅባት በአልኮል ተጠርጎ የግማሽ ሽንብራ ያህል አዲስ ቅባት ይደረጋል። ሣጥኑን መብሳት የሚፈልግ ሰው ማዘርቦርዱን አስቀድሞ ያውጣ፤ የብረት ብናኝ በላዩ ቢወድቅ ኤሌክትሪኩን አገናኝቶ ያቃጥለዋልና።

አየር ማቀዝቀዣ ቢገዛ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል የሚል ይኖራል። ነገር ግን በአቧራ የታፈነ ሣጥን በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥም ይግላል፤ የኤሌክትሪኩም ሒሳብ በየወሩ ይመጣል።

ከዚህ ላይ የአስመጪዎች ኃላፊነት ይነሣል። ኮምፒዩተር የሚያስመጣ ነጋዴ ማራገቢያውን፣ ቅባቱንና ማጣሪያውን አብሮ ቢያስመጣ፣ ዕቃዎቹ ቀላልና ጥቂት ቦታ የሚይዙ ስለ ሆኑ ጭነቱ አይከብደውም። ሻጩም በየዓመቱ መጋቢት ከመግባቱ በፊት የሸጠውን ዕቃ ለማጽዳት ውል ቢገባ ይበጃል። ዕቃው ቶሎ ካልተበላሸ ገበያ ይቀዘቅዛል ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ የተቃጠለበት ደንበኛ ወደዚያው ሱቅ እንደማይመለስ ሊያስብ ይገባዋል። የንግድ ምክር ቤቱ ደግሞ፣ መሠረቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ የተጣለውን የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቆ ለባለ ሱቆችና ለጸሐፊዎቻቸው የአንድ ቀን ትምህርት ቢያሰጥ መልካም ነው።

እስከዚያው ግን ማንኛውም ነጋዴ የሒሳቡን ግልባጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጥ፤ ዛሬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊትም እጁን በሣጥኑ ጀርባ ላይ አድርጎ ነፋሱ በእርግጥ የሚወጣ መሆኑን ይመርምር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።