ሲዲፎር ሲጨምር ጤና ለምን አልጨመረም?

እ.ኤ.አ. በ2009 የሁለት ጥናቶች ውጤት በአንድ ጽሑፍ ታትሞ ወጣ። አንደኛው 4,111፣ ሁለተኛው 1,695 ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችን ለሰባት ዓመት ያህል ተከታትለዋል። ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ ከተለመደው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሌላ ኢንተርሉኪን 2 የተባለ፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚያባዛ ንጥረ ነገር በመርፌ ይሰጣቸው ነበር። መርፌው የተባለለትን ሠራ። በትልቁ ጥናት መርፌውን የወሰዱት ሰዎች ሲዲፎር፣ ማለትም ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር፣ ካልወሰዱት በአማካይ በ160 ያህል በለጠ። ማንም ሐኪም በውጤት ወረቀት ላይ ቢያየው የሚደሰትበት ቁጥር ነው።

ሰዎቹ ግን አልተሻላቸውም። በኤድስ ሕመምም ሆነ በሞት ከሌሎቹ አልተለዩም፤ እንዲያውም በትልቁ ጥናት ለሕይወት የሚያሰጋ የጤና ጉዳት መርፌውን በወሰዱት ላይ በዛ።

ይህ ውጤት ግራ የሚያጋባው ብዙዎቻችን ስለ ኤች አይ ቪ የተማርነውን ሥዕል ስለሚያፈርስ ነው። ነጭ የደም ሴሎች የሰውነት ወታደሮች ናቸው፤ ቫይረሱ ወታደሮቹን ይፈጃል፤ ወታደር ያለቀበት አገር ደግሞ ይወረራል። ከትምህርት ቤት ክበብ እስከ ምክር አገልግሎት ክፍል ሲነገር የኖረው ይኸው ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ግማሹ ግን ጎድሏል። ምርመራው ሲጠልቅ የታየው፣ በቫይረሱ የተያዘ ሰውነት ወታደር ከማጣቱም በላይ ጦርነቱን ማቆም ያቃተው መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ሴሎች የሚያልቁትም ቫይረሱ በቀጥታ እየገደላቸው ሳይሆን ያለ ዕረፍት ሲነቁ፣ ሲባዙና ሲደክሙ ነው። ሕክምናው መመዘን ያለበትም በወታደሮቹ ብዛት ሳይሆን ሰውነቱ ምን ያህል እንደ ተረጋጋ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት የአፍሪካ ጦጣዎች ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ የሚኖረው ሱቲ ማንጋቤይ የተባለው ዝርያ የኤች አይ ቪን ዘመድ፣ ኤስ አይ ቪን፣ ተሸክሞ ይኖራል፤ ኤች አይ ቪ 2 ወደ ሰው የተሻገረው ከእርሱ ነው። ቫይረሱ በእንስሳው ደም ውስጥ በብዛት ይራባል፤ ይሁንና ኤድስ አይዘውም ማለት ይቻላል። የአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣዎችም እንዲሁ ናቸው። በኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የገበሬ ማሳ ሲዘርፍ የሚታየው ተራው ጦጣ የእነርሱ ወገን ነው። ያው ቫይረስ የእስያ ዝርያ በሆነው ማካክ ውስጥ ሲገባ ግን እንስሳው ታሞ ይሞታል። ልዩነቱ ከቫይረሱ ብዛት አልመጣም። አፍሪካዊው ጦጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆጣል፣ ይታገላል፣ ከዚያ ቁጣውን ያበርዳል። ማካኩ ማብረድ አይችልም። የሰው ልጅም አይችልም።

ቁጣው ለምን አይበርድም? ከመልሶቹ አንዱ አንጀት ውስጥ ተገኘ። ከሰውነት የመከላከያ ሴሎች ብዙዎቹ የሚኖሩት በደም ውስጥ ሳይሆን በአንጀት ግድግዳ ነው፤ ቫይረሱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ያሉትን ያወድማቸዋል። ከክንድ የተቀዳ ደም ይህን ጥፋት በሙሉ አያሳይም። ግድግዳው ሲሳሳ አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ይህንን ስብርባሪ በሕሙማን ደም ውስጥ ለክቶ ከመከላከያ ሥርዓቱ መቆጣት ጋር አያያዘው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 በሎስ አንጀለስ ተመራማሪዋ ጃኒስ ጆርጂና ባልደረቦቿ፣ ሕመሙ በገፋባቸው ሰዎች ላይ የሞትን ቅርበት ከቫይረሱ መጠን ይበልጥ የሚናገረው የሴሎቹ መነቃቃት መሆኑን አሳይተው ነበር። በሌላ አነጋገር የእሳቱ ግለት ከእንጨቱ ብዛት በላይ ይናገራል።

የኢትዮጵያውያን ደም በዚህ ታሪክ ውስጥ የያዘው ቦታ እምብዛም አይነገርለትም። በ1994 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካንና የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሠራተኞች ለዓመታት ተከታትሏል። ተመራማሪዎቹን ያስገረማቸው የታመሙት ብቻ አልነበሩም። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲፎር 775 ሆኖ ተገኘ፤ የሆላንዶቹ 993 ነበር። ገና ጠላት አይተው የማያውቁ፣ ትኩስ የሚባሉት ሴሎች አነስተኛ ሲሆኑ የተነቃቁት ግን ብዙ ነበሩ። ኤች አይ ቪ ሳይመጣ በፊት ሰውነቱ በሥራ ተወጥሮ ነበር ማለት ነው። መድኃኒት ለመጀመር ሲዲፎር ከ200 በታች እስኪወርድ ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ቁጥሩ ለሁሉም አገር አንድ ነበር። ከ775 የሚነሳና ከ993 የሚነሳ ሰው በአንድ መስመር ሲለኩ ኖሩ።

ተመሳሳዩ ነገር በእስራኤልም ታየ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ፣ በሬሆቮት ከተማ በካፕላን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ የአዲስ መጤዎቹን ደም መረመሩ። የተነቃቃ፣ የደከመ የመከላከያ ሥርዓት አገኙ፤ ምክንያቱንም በአንጀት ትላትል ላይ ጣሉ። ትላትሉ ሲታከም መነቃቃቱ ቀነሰ። ቤንትዊች በ1995 የአፍሪካ ኤድስ ከምዕራቡ የሚለይበት ዋና ምክንያት ይኸው ቀድሞ የተቆጣ ሰውነት ነው ብሎ ተከራከረ። በጥር 1996 ደግሞ የአገሪቱ ደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱትን ደም ኤች አይ ቪን በመፍራት በድብቅ ሲደፋ መኖሩ ታወቀና በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ በቁጣ ወጡ። ያው ደም በአንዱ ቤት ዕውቀት፣ በሌላው ቤት ቆሻሻ ነበር።

የትላትሉ ሐሳብ ማራኪ ነበር። ርካሽ ክኒን የኤች አይ ቪን ግስጋሴ ቢያዘገይ የማይወድ ማን አለ? ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ጥናት፣ ትላትሉ የለቀቃቸው ሰዎች የቫይረስ መጠን እንደ ቀነሰ አሳይቶ ተስፋውን አጠነከረው። በኋላ ግን በኬንያ 948 ሰዎችን ያሳተፈና በ2012 የታተመ ጥናት ለሁሉም በጅምላ የትላትል መድኃኒት መስጠት የበሽታውን ግስጋሴ አላዘገየም አለ። ይህ ሙሉውን ክርክር ይጥለዋል ወይ? አይጥለውም። ቁጣው ከአንድ ምንጭ ብቻ እንደማይቀዳ ግን ያሳያል፤ በቤተ ሙከራ ያማረ ሐሳብም በሰው ላይ ሳይፈተን መታመን እንደሌለበት።

ክርክሩን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ሕክምና ክፍል ያስገባው በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን ያሳተፈው ስማርት የተባለ ጥናት ነው። ሐሳቡ ለሕሙማን ያዘነ ይመስል ነበር፦ ሲዲፎር ከ350 በላይ ከሆነ መድኃኒቱን ያቁሙ፣ ከ250 ሲወርድ ይጀምሩ። በጥር 2006 ጥናቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን ያቋረጡት ሰዎች ይበልጥ ይታመሙና ይሞቱ ነበርና። አስገራሚው ነገር አብዛኞቹ የሞቱት በተለመዱት የኤድስ ሕመሞች አለመሆኑ ነው። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ጉዳትም በዝቶባቸው ነበር። በደማቸው ውስጥ የብግነት፣ ማለትም የዚያው ቁጣ፣ ምልክቶች ከፍ ያሉባቸው ለሞት ቅርብ ሆኑ። በቂ ወታደር እያላቸው ነው ይህ ሁሉ የደረሰባቸው።

ስለዚህ በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ብለው በይፋ መናገራቸው ትልቅ ነገር ነበር። ጠበል ለመጠመቅ ብሎ ክኒኑን የሚተው ሰው ስማርት የፈተነውን ነገር በራሱ ላይ መድገሙ ነው።

በ2015 ስታርት የተባለው ጥናት ተከተለ። ሲዲፎራቸው ከ500 በላይ የሆነ 4,685 ሰዎች ነበሩ፤ ወዲያው መድኃኒት የጀመሩት እስከ 350 ከጠበቁት ይልቅ ከባድ ሕመም ወይም ሞት በ57 በመቶ ቀነሰላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ቁጥር መጠበቅ ይቅር፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር አለ። ኢትዮጵያም ይህንኑ ተቀበለች።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መስማት ተገቢ ነው። ቁጣውን ከማብረድ ቫይረሱን ከነሥሩ መንቀል አይሻልም ወይ? ይሻላል። በ2007 በርሊን ውስጥ ለደም ካንሰሩ የአጥንት መቅኔ ሴል የተቀየረለት ቲሞቲ ሬይ ብራውን ይህ እንደሚቻል አሳይቷል። ለጋሹ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት ሲሲአር5 የተባለው በር የሌለው ሰው ነበር። ነገር ግን ያ ሕክምና ራሱ ሊገድል የሚችል ነው፤ ካንሰር ለሌለበት ሰው አይታሰብም። ይህን ሕክምና ያላገኘው ሁሉ ቫይረሱ በተኙ ሴሎች ውስጥ ተደብቆበት ይኖራል። የተመራማሪው የሮበርት ሲሊሲያኖ ቡድን ስሌት እንዳሳየው ያ ጎተራ በመድኃኒት ብቻ ተሟጥጦ እስኪያልቅ ከ70 ዓመት በላይ ይወስዳል። እስከዚያ ያለው አማራጭ ማረጋጋት ነው።

መረጋጋቱ ደግሞ በክኒኑ ብቻ አይሞላም። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ በደረሰበት ሰው ውስጥ እንኳ አነስተኛ ብግነት ይቀራል፤ የደም ሥርም ያረጃል። ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት በ12 አገሮች ከ40 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 7,769 ሰዎች ወስዶ ለግማሽ ያህሉ ፒታቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሰጠ። በ2023 ይፋ በሆነው ውጤት ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ35 በመቶ ቀነሰ። ሲዲፎር የሚጨምር መድኃኒት ያልፈየደውን፣ ከሲዲፎር ጋር ግንኙነት የሌለው ክኒን ፈየደ።

በየሱቁ «በሽታ የመከላከል አቅምን ከፍ ያደርጋል» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትና ሽሮፕ ሁሉ በዚህ ብርሃን መታየት አለበት። ከፍ ማድረግ ያድን ቢሆን ኖሮ ኢንተርሉኪን 2 ባዳነ ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጀመሩት ሰዎች ሃምሳና ስድሳ ዓመት እየሞላቸው ነው። የመድኃኒት ቀጠሮ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው ጊዜ ክኒኑን ተቀብሎ ከመውጣቱ በፊት ደም ግፊቱን ያስለካ፤ ስለ ስኳሩና ስለ ኮሌስትሮሉም ሐኪሙን ይጠይቅ።