መብራት ብቻውን አራዳ አያሰኝም

በተማሪዎች መካከል ስለ ሁለት ከተሞች መንገድ የሚደረገው ክርክር ከቀን ወደ ቀን እየጋለ መጥቷል። በአንድ ወገን የቆሙት ወንድሞቻችን የአስመራን ፎቶግራፍ በየስልካቸው ይዘው «ከተማ ማለት ይኸ ነው፤ ንጹሕ፣ ጸጥተኛ፣ ሕንፃው ያልተነካ» ይሉናል። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ አዲስ የተነጠፈውን የፒያሳ ጎዳና፣ የመብራቱን ብዛትና የእግረኛውን መንገድ ስፋት እየጠቆሙ «ሥልጣኔ ማለት ይኸ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚቈጥሩት ድንጋይ ነው እንላለን። በድንጋዩ ላይ የሚሄደውን ሰው የቈጠረ የለም።

ቃላችን አጭር ነው። መንገድ ሕይወት የሚያገኘው በአካባቢው የሚኖር፣ በጥቂት ገንዘብ የሚነግድ፣ ጕዳይ ባይኖረውም ቆሞ የማውጋት መብት ያለው ሰው ሲኖርበት ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ አስመራ ቤቷን ጠብቃ ልጆቿን አጥታለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ልጆቿን ይዛ የሚቀመጡበትን ደጅ አፍርሳባቸዋለች።

ከታሪኩ እንጀምር። በሁለቱም ጎዳናዎች ላይ የፋሺስት እጅ አለበት። ዛሬ ሐርነት ጎዳና የሚባለው የአስመራ ዋና መንገድ በዚያ ዘመን የሙሶሊኒን ስም ይዞ ነበር፤ መሐል ከተማው ለነጭ ተከልሎ ያገሬው ሰው አባ ሻውልን በመሳሰሉ ሠፈሮች እንዲታጐር ተደረገ። በአዲስ አበባም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ፤ አራዳ ግን ለጣልያኖች ሠፈርነት ታስቦ «ፒያሳ» የሚል ስም ወጣለት። ዓላማው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነበር፤ ሕንፃው ይመር፣ ሐበሻው ከበስተጀርባ ይሁን።

ታዲያ እነዚህን መንገዶች ያስከበራቸው ማን ነው? ፕላን ነዳፊው ነውን? አይደለም። ወራሪው ከሄደ በኋላ ገብቶ የራሱ ያደረጋቸው ሕዝብ ነው። አስመሬው ማታ ማታ ደኅና ልብሱን ለብሶ ከጓደኛው ጋር በዘንባባው ሥር ወዲያና ወዲህ መንሸራሸርን ወጉ አደረገው። በፒያሳም ወርቅ ሠሪው፣ ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ከኬክ ቤት ደጃፍ የማይጠፋው ወጣት ቦታውን እንደገና አራዳ አሰኙት። የአንድ ሠፈር ስም የንቁ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው በመንገዱ ስፋት አይደለም፤ ሀብታሙና ድኻው፣ ተማሪውና ነጋዴው በአንድ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ስለ ተጋፉ ነው።

አሁን ወደ አስመራ አድናቂዎች እንመለስ። አስመራ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ ይገባታልም። የአውሮፕላን ክንፍ የተዘረጋለት የሚመስለው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያና ሲኒማ ኢምፔሮ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንደ ተሠሩ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ነገር ግን ማታ በፊታቸው ሊያልፍ የሚገባው ወጣት የት ነው? በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ብሔራዊ አገልግሎትን 18 ወር ነው ብሎ ነበር፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ግን መጨረሻው የማይታወቅ ሆነ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቱን የሚጨርሰው ከቤተ ሰቡ ርቆ በሳዋ የጦር ማሠልጠኛ ነው። የአስመራ ዩኒቨርሲቲም በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ ተማሪ መቀበሉን አቁሞ ኋላ ተዘጋ፤ በእርሱ ምትክ የተከፈቱት ኮሌጆች በየቦታው ተበተኑ። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ድንበር ተሻገረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ጎረቤቶቻችን ሆነዋል። በሐርነት ጎዳና አሁንም የሚንሸራሸር አለ። ነገር ግን ጸጥታውን የሥርዓት ምልክት አድርጎ የሚያሞግስ ወንድም፣ ከጸጥታው ውስጥ ምን ያህሉ የልጅ መታጣት እንደ ሆነ ይመርምር። ንጽሕና ደግ ነው፤ ባዶነት ግን ንጽሕና አይደለም።

የአዲስ አበባ አድናቂዎችም በዚህ ደስ አይበላቸው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የፒያሳ ትልቁ ክፍል ፈረሰ፤ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ የድሮ ሠፈር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከቦታው ጠፋ። እውነቱን እንናገር፤ ከፈረሱት መካከል ብዙዎቹ ያረጁ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ጣራው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ ቤት «ቅርስ» ነው እያለ የሚያሞግስ ሰው በክረምት አላደረበትም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመርና አግዳሚ ወንበርም ክፉ ነገር ነው አንልም፤ ሲመሽ ከቤተ መጻሕፍት የምትመለስ እኅታችን መብራቱን አትጠላውም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር የቤት ቍልፍ ቢሰጠው፣ ደንበኛውን፣ ዕቁቡን፣ ዕድሩን፣ ዱቤ የሚሰጠውን ባለ ሱቅ ማን አዛወረለት? ደጇ ላይ ቡና አፍልታ ልጆቿን ታሳድግ የነበረች እናት በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ሱቅ ለመከራየት አቅም ይኖራታልን? አግዳሚ ወንበሩ በነፃ ነው፤ ነገር ግን በአጠገቡ በተማሪ ኪስ የሚጠጣ ማኪያቶ ከሌለ፣ ሊስትሮውም ከተባረረ፣ የተቀመጠው ሰው የሚያየው የመኪና ሰልፍ ብቻ ነው። «ከተማ ሲያድግ ይህ የማይቀር ነው» የሚሉን አሉ። እንግዲያውስ ይመልሱልን፤ ወራሪው በዘር ያጠረውን መሐል ከተማ እኛ በኪራይ ልናጥረው ነውን?

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙ እንጠይቃለን፤

ሀ/ በፒያሳ በሚሠሩት ሕንፃዎች ምድር ቤት ለተነሡት ትንንሽ ነጋዴዎች በአቅማቸው የሚከራይ ክፍል ይመደብ።

ለ/ ከሚሠራው መኖሪያ የተወሰነው ለቀድሞው ነዋሪ ይሁን።

ሐ/ ሊስትሮውና ቡና ሻጯ ከደንብ አስከባሪ ጋር ድብብቆሽ ሳይጫወቱ የሚሠሩበት ቦታ በሕግ ይታወቅላቸው።

ለእኛም ለተማሪዎች ሥራ አለን። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሩቅ አይደለም። የጂኦግራፊው፣ የሶሲዮሎጂው፣ የአርክቴክቸሩ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ይውረድ፤ ማን ተነሣ፣ የት ሄደ፣ በምን ይተዳደር ነበር ብሎ ጠይቆ ይጻፍ። ያልተጻፈ ሠፈር እንዳልነበረ ይቈጠራልና። በካፍቴሪያ ተቀምጦ የማን ከተማ ያምራል እያሉ መከራከር ግን ቀላል ነው፤ ለተነሣው ሰው የሚጠቅመው ነገር የለም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ቤት ያለ ልጅ፣ ልጅም ያለ ቤት ከተማ አይሆኑም። የአስመራ ወጣት ወደ መንገዱ የሚመለስበትን ቀን ከልብ እንመኛለን፤ የፒያሳን ሰው መመለስ ግን ከመመኘት አልፈን ልንጠይቅ ይገባናል።