ብሬግዚት፦ በሙግቱ ያልተመለሰው የአርሶ አደሮች ጥያቄ

ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው የሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ፣ ድምፅ ከሰጡት ዜጎች 51.9 በመቶው መውጣትን መርጠዋል።

የመውጣት ደጋፊዎች ሕግ የማውጣት፣ ድንበርን የመቆጣጠርና በገንዘብ የማዘዝ ሥልጣን ወደ ለንደን ይመለስ ሲሉ ተከራክረዋል። ሀገሪቱ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ ትልካለች የሚል ጽሑፍም በአውቶቡስ ላይ ለጥፈው ዞረዋል። አኃዙ ለብሪታኒያ የሚቀርላትን ገንዘብ ያልቀነሰ በመሆኑ፣ የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ብሎታል። የመቆየት ደጋፊዎች በበኩላቸው ስለ ኢኮኖሚ ኪሳራ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል።

በዚህ መካከል ኅብረቱ ለአርሶ አደሮች በመሬታቸው ስፋት ልክ የሚሰጠውን ድጎማ ምን ይተካዋል፣ የደረሰውን ፍራፍሬስ ማን ይለቅመዋል የሚሉት ጥያቄዎች ዝርዝር መልስ አላገኙም።

መልሱ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ብሪታኒያ ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም ከኅብረቱ ወጣች። በእንግሊዝ የመሬት ስፋት ክፍያው ደረጃ በደረጃ እየቀረ፣ አፈርን፣ ውኃንና ተፈጥሮን ለሚንከባከቡ በሚሰጥ ክፍያ እንዲተካ ተደረገ። ከሮማኒያና ከቡልጋሪያ ያለ ቪዛ ይመጡ የነበሩ ለቃሚዎችም የወቅታዊ ሥራ ቪዛ ተጠየቁ።

ሙግቱ ያሳየው፣ ሕዝብ ለእንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሲጠራ ከትልልቅ አኃዞች ይልቅ የየቤቱ ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚለወጥ አስቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ ነው።