እንጀራችን በምን ይጠቅለል?





ባለፈው ሰኞ ማታ ከሰፈራችን ሱቅ ዐሥር እንጀራ ገዛሁ። ገና ሳይበርድ በፌስታል ተጠቅልሎ ነበርና ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ስትከፍተው ሻጋታ አውጥቶ ተገኘ። ከቀረው አንድም ሳይበላ ስድስቱ ተጣለ። በደመወዝ ለሚያድር ቤተ ሰብ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ አንባብያንም ሳይደርስባቸው የቀረ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የትኩስ እንጀራ እንፋሎት በፌስታሉ ውስጥ መውጫ አጥቶ ውሃ ይሆናል፤ ሻጋታም እርጥበት ባገኘበት ይራባል። እንጀራው ፈጥኖ ይበላሻል፤ ፌስታሉ ግን በየቦዩ ተወሽቆ ለብዙ ዘመን ይኖራል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን ፌስታል ከልክሏል። መልካም አደረገ። ነገር ግን የምንተወው ከታወቀ የምንይዘውም ሊታሰብበት ይገባል።

በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ድፎ ዳቦ የሚቀርብልን በኮባ ቅጠል ተጋግሮ ነበር። እናቶቻችንም ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት የሚጨምሩት ለሽታው ብቻ ሳይሆን እንዲቆይላቸውም ነው። የዛሬው ሳይንስ ሁለቱን አሳቦች አንድ ላይ አድርጓቸዋል። ከድንች ወይም ከበቆሎ የሚወጣው ስታርች ከውሃና ከጥቂት ግሊሰሪን ጋር በሙቀት በስሎ በስሱ ሲደርቅ ምግብ የሚጠቀለልበት ሽፋን ይሆናል። ከመድረቁ በፊት ከመልካም ሽታ ዕፀዋት የተነጠረ ዘይት ይቀላቀልበታል። ለምሳሌ የጦስኝ ዘይት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ የሻጋታንና የባክቴሪያን የሕዋስ ሽፋን እያላሉ በውስጡ ያለው ነገር እንዲፈስ ያደርጋሉ።

ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት በሁለት ንጹሕ የማር ጠርሙሶች ቁራሽ እንጀራ አኑረን፣ ባንደኛው የተወቀጠ ጦስኝ በጨርቅ ቋጥረን አንጠለጠልንበት። ጦስኝ የሌለበት በአራተኛው ቀን ሻገተ፤ ያለበት ሁለት ቀን ጨመረ። አንድ የክፍል ሙከራ ለምስክርነት አይበቃም፤ ተማሪዎቼ ግን የአያቶቻቸውን ቅጠል በአዲስ ዓይን አዩት።

ችግሩንም መሸሸግ አይገባኝም። ዘይቱ በኖ ያልቃል፤ ሲበዛ የምግቡን ጣዕም ይለውጣል፤ የስታርች ሽፋንም እርጥበት ሲያገኝ ይደክማልና ለትኩስ እንጀራ እንዲሁ አይበቃም። ጦስኝም በባሌና በመንዝ ደጋ የሚበቅል የአገራችን ተክል ነውና ከነሥሩ እየተነቀለ ለፋብሪካ ቢቀርብ ተራራው ይራቆታል። ስለዚህ አስቀድሞ በማሳ ሊለማ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን «የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 አንድ ፌስታል የሚበሰብስ መሆኑ ወይም አለመሆኑ እንዲጻፍበት አዝዞ ነበር። መጻፍ ግን ማረጋገጥ አይደለም። ከበቆሎ የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ እንኳ በደንብ የሚበሰብሰው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ የማዳበሪያ ማዘጋጃ ውስጥ ነው፤ በቦይ ቢጣል እንደ ሌላው ፌስታል ለዓመታት ይቀመጣል። ይህን ሳናውቅ በደስታ ብንገዛው የታለልነው እኛ፣ የሚደፈነውም ቦያችን ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ይህን ቃል በዕቃው ላይ ከማንበብ አልፈው በአገራችን አፈርና አየር እንዲፈትኑት አሳስባለሁ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ጦስኝ ዘይት የተደረገው ጥናትም ከመደርደሪያ ወርዶ የምግብ ማሸጊያ ከሚሠሩት ሰዎች እጅ ይድረስ።

እስከዚያው እኛ የቢሮ ሰዎች እንጀራችንን አብርደን እንጠቅልል፤ ምሳችንንም በአገልግል ወይም በንጹሕ ጨርቅ እንያዝ። እኔ ከዚህ ሳምንት ጀምሬአለሁ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሳቁብኝ ባልደረቦቼም አሉ። ሳቁ ግን ከስድስት እንጀራ ይረክሳል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤
ከአዲስ አበባ